ሁለት ድስት በአንድ ዳስ

በብቸናም ሆነ በሞጣ፣ ልጁን የሚድር ወይም የወላጁን ተዝካር የሚያወጣ ሰው ዳሱን ከመጣሉ በፊት ሁለት ቆጠራ ያካሂዳል። የመጀመሪያው የተጠሪው ብዛት ነው። ስንት ጋን ጠላ እንደሚጠመቅ፣ ስንት ቁና ጤፍ እንደሚፈጭ፣ ስንት ሰንጋ እንደሚጣል የሚወሰነው በዚህ ነው። ሁለተኛው ቆጠራ ግን ከብዛቱ ይልቅ የእንግዳውን ማንነት የሚመለከት ነው። ከተጠሪዎቹ ማን ይጾማል? ማን ንስሐ ገብቷል? ከመነኮሳት የሚገኝ አለ ወይ? ከሙስሊም ጎረቤቶችና ከገበያ ደንበኞች ስንቶቹ ይመጣሉ? ይህን ሁለተኛ ቆጠራ የዘነጋ ደጋሽ፣ ሰንጋው ቢሰባም ጠላው ቢጣፍጥም፣ እንግዳውን ጠርቶ ሳያበላ የሰደደ ይሆናል።

የአንድ ሕዝብ ባህል ሲጠና ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በዜማው፣ በቅኔው፣ በሥዕሉና በሕንፃው ላይ ነው። ጎጃምም በቅኔ አገርነቱ ሲወሳ መኖሩ የታወቀ ነው። የማዕድ ሥርዓት ግን በብራና ስላልተጻፈና በድንጋይ ስላልተቀረጸ የተመራማሪውን ዓይን እምብዛም አልሳበም። ሆኖም እምነታቸውና ልማዳቸው የተለያየ ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን ሳያስገድድና ሳያሳፍር፣ በአንድ ጥላ ሥር እንዲበሉ ማድረግ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ይህም ጥበብ እንደማንኛውም የሰው ልጅ ሥራ ታሪክ አለው፤ የተወለደበት ምክንያት፣ የተፈተነበት ዘመንና ያልዘለቀበት ወሰን አለው።

ብቸና የእነማይ፣ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ዋና ከተሞች ናቸው። በጠቅላይ ግዛቱ ዘመን ሁለቱም የየስማቸው አውራጃ መቀመጫዎች ነበሩ። ከጮቄ ተራራ በስተምሥራቅ፣ ዓባይ ጎጃምን በሚዞርበት ክንድ ውስጥ ያለው ይህ አገር በጤፉ፣ በኑጉና በማሩ ይታወቃል። ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው መንገድም ሁለቱን ከተሞች ያገናኛል። ከሞጣ በስተሰሜን፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን በዓባይ ላይ የተሠራው ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ጋር ሲያገናኝ ኖሮ፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈርሶ ‹‹ሰባራ ድልድይ›› የሚለውን ስም ይዞ ቀርቷል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በምሥራቅ ጎጃም ዞን ከመቶ 97 ያህሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ሲሆን፣ ሙስሊሙ ወደ 2 ተኩል ከመቶ ነበር። ብዙኃኑ እንዲህ ባየለበት አገር የጥቂቱን ማዕድ ማሰብ ግዴታ አይመስልም። የልማዱም ክብደት የሚመዘነው ከዚሁ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ መታየት ያለበት በክርስቲያኑ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የምታዝዘው ጾም ለምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀን፣ ለካህናትና ለመነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ቀን ይደርሳል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር ረቡዕና ዓርብ ሁልጊዜ ይጾማሉ። በዚህ ላይ 55ቱ የሁዳዴ ቀናት፣ የነቢያትና የሐዋርያት ጾሞች፣ 15ቱ የፍልሰታ ቀናትና ሌሎችም አሉ። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ለማይቀመስበት ሕዝብ፣ የግብዣ የመጀመሪያው ዘዴ ጊዜን መክፈል ነው። ሠርግ ከጥምቀት በኋላ ባሉት የጥር ቀናትና ከፋሲካ ማግሥት የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። የገበሬው አዝመራ መሰብሰብና የጾሙ መፈታት የሚገጥሙበት ወቅት የአገሩ የደስታ ወቅት ሆኗል።

ሞት ግን የጾም ወቅት አይጠብቅም። ተዝካርም ቀኑ ሲደርስ እንጂ ጊዜ ተመርጦለት አይወጣም። ረቡዕ የዋለ ድግስ የጾም ወጡን ይጠይቃል፤ በሁዳዴ የዋለ ደግሞ እንግዳው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲታገሥ ያስገድዳል። በፍስክ ቀን እንኳ በንስሐ ምክንያት ሥጋ የተከለከለ ሰውና ዕድሜ ልኩን ሥጋ የማይቀምስ መነኩሴ ከተጠሪው መካከል አይታጡም። ስለዚህ የባለሙያዋ ጓዳ ከቅቤው ወጥ ጎን የኑግ፣ የተልባና የሱፍ ምግብ፣ ሽሮና ምስር ያዘጋጃል። እዚህ ላይ ዋናው ነገር የምግቡ መኖር ብቻ አይደለም፤ ማማሰያው ከማማሰያ፣ ጭልፋው ከጭልፋ እንዳይደባለቅ መጠበቅም አለበት። ይህን የምትጠብቀው ሴት ስሟ በታሪክ አልተጻፈም። ነገር ግን የሥርዓቱ እውነተኛ ባለቤት እርሷ ነች።

የአስተናጋጁ ጨዋነትም በዚሁ ይለካል። ኢትዮጵያዊ ደጋሽ እንግዳውን ‹‹በሞቴ›› እያለ አጉርሶ ማጥገቡ የፍቅር ምልክት ነው። የሚጾመውን ሰው ግን ‹‹በሞቴ›› ብሎ ማስጨነቅ ፍቅር መሆኑ ቀርቶ ነውር ይሆናል። አንዱ ልማድ ለሌላው ልማድ መንገድ የሚለቅበት ቦታ መኖሩን ያወቀ ሰው ብቻ ጥሩ አስተናጋጅ ተብሎ ይመሰገናል።

ሁለተኛውና ከሁሉ የከበደው ልዩነት የቢላዋ ልዩነት ነው። ክርስቲያኑ ከብቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በሥላሴ ስም ይባርካል። ሙስሊሙ ወደ መካ፣ ማለት ከጎጃም ሲታይ ወደ ሰሜን፣ አዙሮ የአላህን ስም ይጠራል። በሬው አንድ ነው፤ ሣሩንም ከአንድ መስክ ግጧል። ቢላዋ ሲያርፍበት ግን ወይ የክርስቲያን ሥጋ ነው፣ ወይ የእስላም ሥጋ ነው። በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ ሥጋ የረኃብ ማስታገሻ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የእምነት መታወቂያም ነበር። የሌላውን ሥጋ መብላት እምነትን ከመለወጥ ጋር ተቆራኝቶ ይታይ ስለነበረ፣ የበላው ሰው ወደ ማኅበሩ የሚመለሰው በንስሐ ነበር። ከእምነቱ ወጥቶ የተመለሰውንም ለማንጻት ‹‹መጽሐፈ ቄደር›› ይነበብለት ነበር።

ይህ ቁርጥ ያለ ወሰን በነገሥታቱ ዘመን በሁለት አቅጣጫ ተጎትቷል። በአንድ በኩል፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 የነገሠው ዐፄ ገላውዴዎስ አለ። ይህ ንጉሥ አባቱን ዐፄ ልብነ ድንግልን ያንከራተተውን የኢማም አሕመድን ጦር ያሸነፈ፣ ስለ ሃይማኖት ልዩነት ብዙ ደም ሲፈስ ያየ ሰው ነበር። የሮማ ካቶሊክ ልዑካን ኢትዮጵያውያንን በኦሪት ሥርዓት ሲከሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1555 ባወጣው የሃይማኖት መግለጫ ውስጥ ስለ ዐሣማ ሥጋ ጉዳይ መልስ ሰጥቷል። የመልሱም ፍሬ ነገር፣ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም አናስገድድም የሚል ነበር። ምስክር አድርጎ የጠራውም የሐዋርያው ጳውሎስን የሮሜ መልእክት ነው። መግለጫው ለአውሮፓውያን የተሰጠ የነገረ መለኮት ክርክር እንጂ የድግስ ደንብ አልነበረም። ቢሆንም ከ450 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ አለማስገደድን መርሕ ያደረገ የአገር ሰነድ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በሌላ በኩል የመለያየትና የማስገደድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኗል። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሰብሳቢነት የተደረገውን የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተከትሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። በዚያን ጊዜ ማዕድ መፈተኛ ሆነ፤ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ መኖርም የብዙዎች ዕጣ ነበር። ከነዚህ ዓመታት የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሰዎችን በግድ ከአንድ ድስት ማብላት አንድነትን አልወለደም። የወለደው ፍርሃትንና ድብብቆሽን ነው።

የጎጃምን ልማድ የቀረጸው ታዲያ ከአዋጁ ይልቅ ገበያው ነው። በሰሜኑ የክርስቲያን ደጋ ሙስሊሙ በአብዛኛው የርስት ባለቤት እንዳይሆን ተከልክሎ ስለኖረ፣ መተዳደሪያው ንግድና ሽመና ሆነ። በ19ኛው መቶ ዓመት በጎጃም ስሙ የገነነው የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ የሚገላበጥበት ነበር፤ በዚያው ዘመን ግፍ የሰው ልጅም ለሽያጭ ይቀርብበት ነበር። ቅፍለቱን ከሚመሩት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ገበሬው አሞሌ ጨው፣ ጥጥና ልብስ ይፈልጋል፤ ነጋዴው እህል፣ ማርና ማደሪያ ይፈልጋል። ዛሬ ያደረውን እንግዳ ለከርሞ የሚጠብቅ ባላገር፣ እንግዳው የማይበላውን አቅርቦ ሊያስቀይመው አይሻም። ከዚህ ቁሳዊ ግንኙነት ላይ የጎረቤት ፍቅር፣ የአበ ልጅነትና የአማችነት ወግ እየተደራረበ ሥርዓቱ ጸና።

የሥርዓቱ አሠራር እንዲህ ነው። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ወይም ፍየል፣ አቅም ካለው ወይፈን፣ ከነነፍሱ ያስረክባል። የሚያርደው ከእንግዶቹ አንዱ ነው፤ ቢላዋውም የእርሱ ነው። ሙስሊም ጎረቤት የሆነች ባለሙያ ድስቷንና ማማሰያዋን ይዛ መጥታ ለብቻ በተለየላት ጓዳ ትሠራለች። በዳሱ ውስጥ አንድ ጎን ይለይላቸዋል፤ ጠላና ጠጅ በሚቀዳበት ሰዓት ለእነርሱ ብርዝ ወይም ቀሪቦ ይቀርባል። ሙስሊሙም በተራው በዒድና በአረፋ፣ በልጁም ሠርግ፣ ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ በጉን ወይም ዶሮውን ከነነፍሱ ይሰጣል። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ደጋሹ የሚሰጠው ሥጋ ብቻ አለመሆኑ ነው። የመባረክን ሥልጣን ለእንግዳው አሳልፎ ይሰጣል። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ከብቱ ላይ፣ የሌላው እምነት ቃል እንዲነገር ይፈቅዳል።

ድሀው ደጋሽ ግን ሁለት ከብት ከየት ያመጣል? ሕዝቡ ለዚህም መልስ አላጣም። እንቁላልና ወተት ቢላዋ አይነካቸውም። በለቅሶ ቤት የሚቀርበው ንፍሮ ከስንዴ፣ ከሽምብራና ከባቄላ ተቀቅሎ በጨው ብቻ የሚበላ ስለሆነ፣ የጾመም ያልጾመም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ሰፌድ ይዘግነዋል። የዘማች ስንቅ የሆኑት በሶና ቆሎም እንዲሁ ናቸው። በላይ ዘለቀ በብቸና ዙሪያ ጠላትን ሲፋለም በነበረባቸው የአርበኝነት ዓመታትም እንዲህ ያለው ስንቅ የአርበኛው ጉልበት ነበር። ከሁሉ የሚገርመው ግን ክርስቲያኑ ጾሙን ባጠበቀበት ቀን የሚሆነው ነው። በጾም ቀን ከመሶቡ ላይ ሥጋ የለም፤ ሥጋ ከሌለ ደግሞ የቢላዋው ጥያቄ አይነሣም። የጾም ሽሮና ምስር የቀረበበት መሶብ ሙስሊሙ ጎረቤት ያለ ሥጋት እጁን የሚዘረጋበት መሶብ ነው። ሁለቱን ወገኖች የሚለየው ሃይማኖታዊ ጥብቅነት፣ በዓመቱ ግማሽ ቀናት በአንድ ገበታ የሚያቀራርባቸው እርሱ ራሱ ሆኖ ይገኛል። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዷን ደግሞ የካቲት 22 ሲገቡ፣ ሁለቱም ጎረቤቶች ጾመኞች ሆነው ሰንብተዋል።

ወሰኑ ከዘመን ዘመን የሚንቀሳቀስ መሆኑንም ቡና ይመሰክራል። በ19ኛው መቶ ዓመት በሰሜኑ ደጋ ቡና የሙስሊም መጠጥ ነው ተብሎ በካህናት ይወገዝ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ግን ውግዘቱ እየላላ ሄደ፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ለዚህ አስተዋጽኦ ማድረጋቸው ይነገራል። ዛሬ በብቸና የክርስቲያን ቤት ረከቦት የማይዘረጋበት ቀን ጥቂት ነው። ትናንት የእምነት መለያ የነበረው ሲኒ ዛሬ የጎረቤት መጥሪያ ሆኗል።

በሰፊው ዓለምም ለዚህ ጥያቄ ልዩ ልዩ መልስ ተሰጥቶታል። በህንድ የሲክ እምነት ተከታዮች በ16ኛው መቶ ዓመት ባቋቋሙት ‹‹ላንጋር›› በተባለው የማኅበር ማእድ ቤት ሥጋ አይቀርብም። ማንኛውም እምነት ያለው ሰው በአንድ ረድፍ መሬት ላይ ተቀምጦ እንዲበላ ስለታሰበ ነው። የእነርሱ መልስ ከንፍሮው ጋር ይመሳሰላል፤ ሁሉም ሊበላው የሚችለውን ብቻ ማቅረብ ነው። የጎጃሙ ዳስ ሁለተኛ መልስ ይጨምርበታል፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ማቅረብ። ጉዳዩን የናቀ ምን እንደሚደርስበት ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1857ቱ የህንድ ወታደሮች አመፅ ያሳያል። የአዲሱ ጠመንጃ ጥይት መጠቅለያ የላምና የዐሣማ ስብ ተቀብቷል የሚለው ወሬ፣ ሂንዱውንና ሙስሊሙን ወታደር በእንግሊዝ አዛዦቹ ላይ ካስነሡት ምክንያቶች አንዱ ነበር።

ይሁን እንጂ የጎጃምን ማዕድ ያለ ነውር አድርጎ ማቅረብ ታሪክን ማጉደፍ ነው። በዚያው ዳስ ሁለት ዓይነት መለየት ነበር። አንደኛው ከላይ የተዘረዘረው ነው፤ እኩል ለእኩል የሚደረግ፣ አንዱ ለሌላው ቦታ የሚለቅበት መለየት። ሁለተኛው የንቀት መለየት ነው። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው ቀጥቃጭ፣ እንስራውን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳውን የሚያለፋው ፋቂ ‹‹ቡዳ›› እየተባሉ ከማዕድ ተገልለው ኖረዋል። ገበሬው በማረሻቸው አርሶ፣ በእንስራቸው ጠምቆ፣ ድግሱ ሲደርስ ከደጅ ያስቀምጣቸው ነበር። በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎችም እስልምናን ቢቀበሉም ጉማሬ ይበላሉ ተብለው በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ሲገለሉ ኖረዋል። ለሙስሊሙ ነጋዴ ሁለተኛ ድስት የጣደ እጅ ለሸክላ ሠሪዋ የተሰነጠቀ ሳሕን ሲሰጥ፣ ልዩነቱ የምግብ አልነበረም። አንደኛው ሰው የማይበላው ነገር ስላለ ተከብሮለታል፤ ሌላዋ ግን የሚበላውን ሁሉ ብትበላም ከሰው አልተቆጠረችም።

የ20ኛው መቶ ዓመት ለውጥ ይህን መልክ በከፊል ቀይሮታል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ባደረጉት ታላቅ ሰልፍ ላይ ክርስቲያኖችም አብረው ወጡ። በ1967 ዓ.ም. ሦስት የሙስሊም በዓላት የመንግሥት በዓላት ሆነው ታወቁ። በዚያው ዓመት የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም በእጁ ለሚያርስ ሁሉ መሬት እንዲደርሰው ሲደነግግ፣ ሙስሊሙና እደ ጥበበኛው ከርስት የራቁበትን የቆየ ግድግዳ በሕግ አፈረሰ። በየከተማው መስቀልና ጨረቃ የተሣለባቸው ሥጋ ቤቶች ጎን ለጎን ቆሙ። በብዙ ከተሞችም ሁለቱም ወገኖች በአንድ እድር ታቅፈው ሬሳ አብረው ያነሣሉ፣ ድንኳን አብረው ይተክላሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ የደረሰው ደረሰ። መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተዘረፉ፣ ነደዱ። የሃይማኖት አባቶችና የመንግሥት ባለ ሥልጣናት ድርጊቱን አወገዙ፤ የፈረሰውን መልሶ ለመሥራትም ከልዩ ልዩ አቅጣጫ ገንዘብ ተዋጣ። ታሪክ ጸሐፊ ግን ከውግዘቱ አልፎ መጠየቅ አለበት። በአንድ ዳስ ሁለት ድስት ሲጣድበት በኖረ አገር ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

የዚህ ጥያቄ መልስ አንድ አይደለም፤ የዚያን ዘመን ፖለቲካዊ ውጥረትም የሚዘነጋ አይደለም። ከማዕድ አኳያ ግን አንድ ነገር ማለት ይቻላል። የግብዣ ልማድ የሚያስተሳስረው የተጠራራውን ብቻ ነው። አባትየው የሙስሊሙን ነጋዴ ስም፣ የልጆቹን ብዛትና የሚጠጣውን ብርዝ ያውቃል፤ ልጁ ግን በዚያ ዳስ አስተናግዶ የማያውቅ ከሆነ፣ ሱቁን እንጂ ሰውየውን አያውቀውም። ልማድ እንደ ርስት በውርስ አይተላለፍም፤ በሥራ ይወረሳል። በጉን ጎትቶ ለሙስሊሙ ጎረቤት ያስረከበ፣ ለለየው ጓዳ ውኃ የቀዳ፣ እንጨት የፈለጠ ወጣት የሚማረውን ትምህርት ሌላ የሚሰጠው የለም።

ይህ ትምህርት ቤት ደግሞ እየጠበበ ነው። በከተሞች ድግሱ ከዳስ ወደ አዳራሽ፣ ከጎረቤት ባለሙያ ወደ ተከራይ ምግብ አዘጋጅ እየተዛወረ ነው። በቡፌው ላይ የጾምና የፍስክ፣ የሙስሊምና የክርስቲያን ምግብ ተለይቶ መቀመጡ መልካም ነው፤ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛውም የሚበላው ሲያገኝ ሥርዓቱ ሰፋ እንጂ አልጠፋም። የሚጠፋው ግን ቆጠራው ነው። ደጋሹ የእንግዳውን ጾም ማሰብ ትቶ ዋጋውን ብቻ ከከፈለ፣ ድስቱ ሁለት ሆኖ ይቀርና ጎረቤታሞቹ ሳይተዋወቁ ይበታተናሉ።

አንዳንድ ሰዎች እውነተኛ አንድነት የሚመጣው ሁሉም ከአንድ ድስት ሲበላ ነው ሲሉ ይደመጣሉ። የብቸናና የሞጣ ታሪክ ይህን አያረጋግጥም። ከቦሩ ሜዳ ማግሥት አንድ ድስት በአዋጅ ተሞክሮ አልያዘም፤ ሁለት ድስት ግን ያለ አዋጅ ለብዙ ትውልድ አገልግሏል። ሕዝቡን የለየው የሁለተኛው ድስት መጣድ አልነበረም፤ ሸክላ ሠሪዋ ከደጅ የቀረችው የሚጣድላት ድስት ጠፍቶ ሳይሆን ቦታ ስለተነፈጋት ነው። ስለሆነም መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ልኮ የየቀበሌውን የድግስ ሥርዓት እንዲመዘግቡ ቢያደርግ፣ የሕዝብ ስብሰባ የሚያዘጋጀው ኃላፊ ከጥሪ ወረቀቱ በፊት ሁለተኛውን ቆጠራ ቢቆጥር፣ ተውኔት ጸሐፊውም ከነገሥታቱ ዙፋን ዘወር ብሎ ወደ ጓዳው ቢመለከት፣ የሚያገኙት ጥሬ ሀብት ብዙ ነው። በዚያ ጓዳ ሁለት ሴቶች፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ማማሰያ ይዘው፣ ከአንድ ምድጃ እሳት እየተበዳደሩ ይሠራሉ።